ከምን አለሽ ተራ የወጣው የእሳት አደጋ ፓምፕ፦ የጥገና ማስታወሻ

ኅዳር 2017፣ ግዢ

ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከጣራ ቆርቆሮና ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ቅርፊት መካከል ተጋድሞ ነበር። ሻጩ ሊሸጠው ያሰበው በኪሎ ነው። የፓምፑ አካል የአሉሚኒየም ቅይጥ ስለሆነ ለሚያቀልጡት ሰዎች ጥሩ ገበያ አለው። ሞተሩ የቮልስ መሆኑን ያወቀ አንድ ደላላ ደግሞ ለብቻው ዋጋ ቆርጦለታል። ሁለቱን ለመለያየት ቁልፍ ተሰክቶ ሳለ ደረስኩ። 48,000 ብር። ለአይሱዙና ለጫኝ አውራጅ ሌላ 2,500።

ጎላ ሚካኤል አካባቢ ካለው ግቢ በር ላይ መኪናው አልገባ ሲል፣ አራት ልጆች የፓምፑን አራት እጀታዎች ይዘው አንሥተው አስገቡት። ወደ 180 ኪሎ ይመዝናል። ሲሠራም የታሰበው ለዚሁ ነው፤ በጀርመን ደረጃ ቲኤስ 8/8 የሚባለው ዓይነት ነው። የመጀመሪያው 8 በደቂቃ 800 ሊትር፣ ሁለተኛው 8 ደግሞ የ8 ባር ግፊት ማለት ሲሆን፣ ውኃው ከፓምፑ 3 ሜትር ዝቅ ብሎ ሲገኝ የሚሰጠው አቅም ነው። መኪና የማይደርስበት ቦታ ተሸክመውት ይገባሉ፤ ከወንዝም ሆነ ከጉድጓድ ስቦ ይረጫል።

ጥቅምት 11 ቀን በሸማ ተራ እሳት ሲነሣ የመንገዱ ጥበትና የሕዝቡ ብዛት ለእሳት አደጋ መኪኖች እንቅፋት እንደሆነ ከተሰማ ወዲህ፣ ሰው ተሸክሞት የሚገባ ፓምፕ ይህን ከተማ ምን ያህል ይጠቅመው እንደነበር ማሰብ አልተውኩም። እሳት ሲነሣ 939 ይደወላል፤ ይህን አሮጌ ማሽን ይዤ ልሯሯጥ አልተነሣሁም። የምፈልገው ሠርቶ ማየት፣ ከዚያም በዚህ ከፍታ ላይ በእርግጥ ምን ያህል ውኃ እንደሚሰጥ መለካት ነው።

ኅዳር መጨረሻ፣ ቀለምና የሣጥኑ ክዳን

ላዩ አረንጓዴ ነው። በብርጭቆ ወረቀትና በውኃ ቀስ ብዬ ስፍቀው ከሥሩ ግራጫ፣ ከግራጫው ሥር ቀይ ወጣ። በቀዩ ላይ በነጭ ቀለም «ማዘጋጃ ቤት ቁ. 2» የሚል አለ። የከተማው ስም የነበረበት ቦታ በሞረድ ተፍቋል። ሲሸጥ ወይም ሲዘዋወር ስሙን ለማጥፋት የደከመ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ «ማዘጋጃ ቤት» የሚለው ግን አላሳሰበውም።

ትልቁ ግኝት የዕቃ ሣጥኑ ክዳን ሆነ። በውስጠኛው ገጽ፣ በቀጭን ብሩሽ፣ በአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ፦

«ሰኔ 62 ደረሰ።
ኅዳር 63 ዘይት።
ጥር 63 ገበያ፣ 3 ሰዓት ሠራ።
ግንቦት 64 ሆዝ 2 ተጨመረ።
ሚያዝያ 65 የጋሪ ጎማ 1። ካንዴላ 4።
የካቲት 66 ወፍጮ ቤት፣ ውኃ ጠፋ።
መስከረም 69 ዘይት።»

የአንዲት ትንሽ ከተማ እሳት አደጋ ክፍል ታሪክ በአንድ ክዳን ላይ። መኪና የሚባል ነገር አልተጠቀሰም፤ ፓምፑ በጋሪ ይጎተት ነበር። ፓምፑ ሲመጣ ሆዙ አልበቃም ነበርና ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለት ተጨመረ። የገበያውን እሳት ሦስት ሰዓት ሙሉ ታግሏል። ወፍጮ ቤቱ ሲቃጠል ማሽኑ አልበላሸም፣ ያለቀው ውኃው ነው። ጸሐፊው ማን ይሁን ማን፣ የጥፋቱን ምክንያት በሁለት ቃል ለይቶ ማስቀመጡን ወድጄለታለሁ። ዛሬ ስንት ገጽ ሪፖርት ይጻፍበት ነበር!

ከዚያ በኋላ ያለውን የሚናገረው ብረቱ ነው። ከሁለቱ የውኃ መውጫዎች በአንደኛው ላይ የእሳት አደጋ መጋጠሚያው ተቆርጦ የመስኖ ቱቦ ፍላንጅ ተበይዷል። ፓምፑን ስፈታ በውስጡ እየዞረ ውኃውን የሚገፋው ኢምፔለር ጠርዝ ጠርዙን በአሸዋ ተበልቶ፣ ምላጭ ሆኖ ጠበቀኝ። አረንጓዴው ዘመን የእርሻ ዘመን ነበር፤ ጭቃ ያለበት የወንዝ ውኃ ለዓመታት ስቧል።

ክዳኑን አልቀባሁትም። ሌላውን በአንቲራስት አጥቤ ወደ ቀይ መልሼዋለሁ።

ታኅሣሥ፣ ሞተር

ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ አራት ሲሊንደር የቮልስዋገን 1200 ነው፤ 1,192 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት። መኪና ላይ ከተገጠመው የሚለየው ዙሩን የሚቆጣጠር ጋቨርነር ስላለውና ራዲያተር ስለሌለው ነው ልል ነበር፤ መኪናውም ራዲያተር የለውም። የእሳት አደጋ ፓምፕ ሠሪዎች ይህን ሞተር የወደዱት ለዚሁ ነው። የሚቀዘቅዝበት ውኃ ስለሌለው ብርድ አያፈነዳውም፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ መለዋወጫውም በየአገሩ ይገኛል። አዲስ አበባም የቮልስ መካኒክ ዛሬም አላጣችም።

እኔ የያዝኩት መካኒክ ፒያሳ የነበረው ጋራዡ በ2016 አካባቢው ሲፈርስ ዕቃውን ጭኖ የወጣ ነው። አሁን እየተዘዋወረ ይሠራል። ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት በእጁ አዙሮ አዳመጠና «ነፍስ አለው፤ ግን ታፍኗል» አለ። የማራገቢያው ቆርቆሮ ሲነሣ ነገሩ ታየ። አይጥ የጆንያ ክርና የሎተሪ ቲኬት ቁርጥራጭ ሰብስባ በዘይት ማቀዝቀዣው ላይ ጎጆዋን ሠርታለች። በዚህ ሞተር ዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው አየር ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው ሲሊንደር በደህናውም ቀን ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። እዚያ ላይ የአይጥ ጎጆ ሲጨመር የሚሆነው ይታወቃል። የሦስተኛው ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ እንደተነከሰ ብስኩት ጎድሏል።

ፒስተኖቹ ደህና ናቸው፤ ፋሻ፣ ማለትም የፒስተን ቀለበት፣ ብቻ ተቀየረ። ቫልቩ ከሶማሌ ተራ ተገዛ፣ መቀመጫው በእጅ ተፈጨ። የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር። ሞተሩ የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥሩ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ወንፊቱ ላይ የተጋገረው ዝቃጭ በካቻቢቴ ተፍቆ ወጣ። ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት። ክዳኑ ላይ የጻፈው ሰው ቢያየን ደስ ይለው ነበር።

ጋስኬትና ፋሻ 5,800፣ ካንዴላ አራት በ2,800፣ የእጅ ዋጋ 9,000። ቤንዚን በጀሪካን የሚቀዳልን ስላላገኘን ከጓደኛ መኪና በቱቦ ሳብን።

ጥር፣ ጥቁር ካንዴላ

ተነሣ። ድምፁ ቸርችል ጎዳና ድረስ የሚሰማ ይመስለኛል። ጭነት ሲሰጠው ግን ያነቀዋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ጥላሸት የተቀቡ ናቸው። ቤንዚን በዝቷል።

ካርቡራቶሩ ሶሌክስ 28 ነው። በውስጡ ያለው ዋና ጂግለር፣ ቤንዚን የሚያልፍበት የነሐስ ቀዳዳ፣ 122.5 የሚል ቁጥር አለው፤ ቀዳዳው 1.225 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ልኩ የወጣው ለቆላ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር በክብደት ሲቀንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ያፍነዋል። በወረቀት ስሠራው ቀዳዳው በዲያሜትር ሰባት በመቶ ያህል መጥበብ አለበት። ከ122.5 ላይ ሲቀነስ 114 ገደማ ይሆናል። ስሌቴን ለመካኒኩ ባሳየው ሳቀና ከሸሚዝ ኪሱ 115 የተጻፈበት ጂግለር አወጣ። «እኛ ሸገር ላይ የምንገጥመው ይህንን ነው፤ ወደ አዋሽ የሚወርድ ደንበኛ ሲመጣ የፋብሪካውን እንመልስለታለን።» ከአባቱ የወረሰው ነው። ለወረቀቱ ያጠፋሁት ምሽት ቢያሳዝነኝም ሁለቱ መልሶች መገናኘታቸው አስደስቶኛል።

በ115 ጭሱ ጠፋ፣ ካንዴላው ቡናማ ሆነ። የጠፋው ጉልበት ግን አይመለስም። 34 ፈረስ የተባለው ሞተር እዚህ 25 ገደማ ቢሰጥ ነው። ይህ ቁጥር ተራ አይደለም። 800 ሊትርን በደቂቃ በ8 ባር ለመግፋት ውኃው ብቻውን 10.7 ኪሎዋት፣ ማለትም ወደ 14.5 የፈረስ ጉልበት ይወስዳል። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ከሚሰጠው ጉልበት አርባ በመቶ ያህሉን ያባክናል፤ ስለዚህ ሞተሩ 25 ያህል ማውጣት አለበት። ጀርመን ላይ ዘጠኝ ፈረስ ትርፍ ያለው ማሽን አዲስ አበባ ላይ ትርፉ ዜሮ ነው፤ ያውም አዲስ ቢሆን። የእኔ ደግሞ አሸዋ የበላው ነው።

የጥር መጨረሻ፣ ፓምፕ

ኢምፔለሩን የሚተካ አላገኘሁም። በኢምፔለሩና በዙሪያው ባለው ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ስለነበር፣ የተገፋው ውኃ ተመልሶ ወደ መግቢያው ይዞር ነበር። ቶርኖ ቤት ወስጄ የኢምፔለሩ አንገት ተላጠ፣ አዲስ የነሐስ ቀለበትም ወጣለት። ቶርኖ ሠሪው አጥብቆ ሠራውና ዘንጉ በእጅ ሲዞር ያዘ፤ በዚያው ዕለት እየተላጠ ክፍተቱ 0.3 ሚሊሜትር ላይ ቆመ። ለቀለበቱ 6,000፣ ለኩሽኔታና ለዘንጉ የውኃ ማሸጊያ 4,600። የመስኖው ፍላንጅ ተቆርጦ ወደቀ።

የካቲት፣ አየር ማውጣት

እዚህ ላይ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሄዷል።

እንዲህ ዓይነት ፓምፕ አየር ካለበት ውኃ አያነሣም፤ መጀመሪያ በመሳቢያ ሆዙና በፓምፑ ውስጥ ያለው አየር መውጣት አለበት። በዚህ ማሽን ሥራው የሚሠራው በሞተሩ ጭስ ነው። እጀታ ሲሳብ ጭሱ ወደ ማርሚታ መሄዱን ትቶ በጠባብ አፍንጫ ውስጥ በኃይል ያልፋል፤ ሲያልፍ ከፓምፑ የመጣውን አየር ይዞ ይወጣል። የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፣ የሚበላሽበት አንድ መንገድ ዝገት ነው። የእኔው አፍንጫ ዝጎ እንደ ወንፊት ሆኗል።

ቶርኖ ቤቱ አዲስ አወጣ፣ 3,200 ብር። ገጠምነው፣ መግቢያውን በክዳን ዘግተን ሞከርን፤ ግፊቱ ከውጭው አየር ምን ያህል ዝቅ እንዳለ የሚያሳየው ጌጅ 0.35 ባር ላይ ቆመ። አፍንጫው ሰፍቷል፣ ጭሱም ፍጥነት አላገኘም። ከአሮጌው ካልተበላው ጫፍ ላይ እንደገና ለክተን ጠበብ ያለ ተሠራ፤ ለብረቱ 1,000 ብቻ ተቀበለን። 0.58።

የማውቀው ደንብ ግን 0.8 ባር በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይላል። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በቅባት አሸግን፣ ኦሪንግ ቀየርን፤ ከ0.6 አላልፍ አለ። በመሐሉ ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የመካኒኩ ጎረቤት፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሊያዩን መጡ። ጌጁን እያዩ «ልጄ፣ ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። 0.8 አልኳቸው። «እዚህ አገር 0.8 አይገኝም። በቅባት አትጨርሰው፤ 0.6 ከደረሰና ደቂቃ ከያዘ ደህና ነው።»

ልክ ናቸው። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ግፊት ነው፤ ፓምፑ መንገዱን ባዶ ከማድረግ ሌላ ድርሻ የለውም። በባሕር ጠለል ያ ግፊት 1.01 ባር ገደማ ስለሆነ 0.8 ማውጣት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ጠቅላላው 0.76 ባር ነው። ከ0.76 ላይ 0.8 ማውጣት ከባዶ ኪስ እንደመክፈል ይቆጠራል። በዚያው ተመጣጣኝ ሲሰላ የእኛ ግብ 0.6 ነው።

ውጤቱ ከጌጁ ያልፋል። በባሕር ጠለል ውኃ በፍጹም ባዶ ቱቦ 10.3 ሜትር ይወጣል፤ እዚህ 7.7። የቲኤስ 8/8 ደረጃ ከ7.5 ሜትር ጥልቀትም ስቦ ግማሽ ውኃ እንዲሰጥ ይጠይቃል። እዚህ ያ የማይሞከር ነው፤ በሆዙ ውስጥ የሚባክነው ተቀንሶ ተመጣጣኙ 5.6 ሜትር አካባቢ ይወድቃል። ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዝ ለመሳብ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል። ክዳኑ ላይ ያለው «ውኃ ጠፋ» ደጋ ላይ ባለች ከተማ የተጻፈ ከሆነ፣ ውኃው እያለ ፓምፑ ያልደረሰበት ጉድጓድም ሊሆን ይችላል።

የካቲት፣ መሳቢያ ሆዝ

ከፓምፑ ጋር የመጣው 110 ሚሊሜትር የላስቲክ መሳቢያ ሆዝ ውጩ ደህና ይመስላል። አንድ ስንጥቅ ነበረውና ጎሚስታ ጋር ወስደን በሙቀት አስለጠፍን፣ 1,500 ብር። ጎሚስታው ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል፤ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ጎማ ግፊቱን የሚችለው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ መሳቢያ ሆዝ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ይጨመቃል። አየሩ ሲወጣ ልጣፉ አልነቃነቅም ቢልም፣ የውስጠኛው ሽፋን ከጨርቁ ተላቆ እንደ ምላስ መንገዱን ዘጋው። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም፤ ጌጁ 0.6 ያሳያል፣ ውኃ ግን አይመጣም። በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ስናይ ነው የገባን።

ሆዝ ከጥንትም የዚህ ሥራ ደካማ ጎን ነው። ያን ቫን ደር ሃይደን በ1670ዎቹ እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ከተሰፋ ቆዳ ሆዝ እስኪሠራ ድረስ ፓምፑን ራሱን እሳቱ አጠገብ ማቆም ግድ ነበር። አዲስ ጠንካራ የፕላስቲክ መሳቢያ ሆዝ ገዛሁ፤ አራት ኢንች፣ 6 ሜትር፣ በሜትር 2,400። 14,400 ብር በአንድ ቀን ሲወጣ እጅ ይንቀጠቀጣል።

የመጋጠሚያው ጉዳይ ቀረ። አሮጌው ሆዝ 110 ሚሊሜትር፣ አዲሱ 102 ነው። መጋጠሚያው ጊዶ ሽቶርዝ በ1882 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው፣ ወንድና ሴት አይባልበትም፣ ሩብ ዙር ያህል ተጠምዝዞ ይያዛል። በጨለማና በጭስ ውስጥ የትኛውን ጫፍ እንደያዝክ ማሰብ አያስፈልግም። ጡረተኛው ሲያዩት ፊታቸው በራ። እርሳቸው በሥራ ላይ ሳሉ ከልዩ ልዩ አገር በእርዳታ የመጡ መጋጠሚያዎች ስላልገጠሙላቸው በመኪናው ውስጥ አንድ ሣጥን ሙሉ ማገናኛ ይዘው ይዞሩ እንደነበር ነገሩኝ። «እሳቱን ትተን ከሣጥኑ ጋር ስንታገል!» ይህ የእነርሱ ብቻ ችግር አይደለም፤ በየካቲት 1904 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ስትቃጠል ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ የደረሱት ፓምፖች ሆዛቸው ከከተማዋ የውኃ መስመር ጋር አልገጥም ብሎ ብዙዎቹ ቆመው ተመልክተዋል። ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ።

ቶርኖ ቤቱ የመጋጠሚያውን ጅራት ላጠልን፣ 5,500። ወጪው መቶ ሺህ አለፈ፤ ከዚህ በኋላ መደመር ትቻለሁ።

መጋቢት፣ ሙከራ

በግቢው ያለው የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ ውኃው 3 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ከፋብሪካው መለኪያ ጋር መግጠሙ ዕድል ነው። የግቢው ባለቤት የፈቀዱት ውኃው ተመልሶ እንዲገባ በማለት ነው። ከመውጫው አጠገብ 5,000 ሊትር ሮቶ አቁመን፣ ሁለት ሆዝ ዘርግተን፣ ባለ 16 ሚሊሜትር አፍንጫ ገጥመን ወደ ሮቶው ረጨን። ሲሞላ ወደ ማጠራቀሚያው ይለቀቃል።

በጭሱ አየር የሚያወጣው እጀታ ተሳበ። ጌጁ ወደ ግራ ተንቀሳቀሰ፣ ሆዙ ተንቀጠቀጠ፣ ከግማሽ ደቂቃ ሳይበልጥ ውኃ ወጣ። መጀመሪያ ዝገትና አሸዋ ነው፤ የአረንጓዴው ዘመን ትርፍራፊ። ሁለት ልጆች አፍንጫዎቹን ይዘው ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፤ ጡረተኛው ከኋላ ሆነው «ክንድህን ሳይሆን ሆዙን ከዳሌህ ጋር አጣብቅ» ይላሉ።

2,000 ሊትር ለመሙላት 170 ሰከንድ ያህል ወሰደ፤ በደቂቃ 700 ሊትር። ግፊቱ 6 ባር። አንዱን መውጫ ዘግተን ስንሞክር 8 ባር ላይ ደረሰ፤ ውኃው ግን 400 ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ጂግለር ጋር አሠርተን ነበር፤ 4.6 ባር ላይ ታፍኖ ቀረ።

የፋብሪካውን ሰሌዳ አላነሣሁም። ከሥሩ በላሜራ ላይ ሌላ አስቀረጽኩ፦ «አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር። 700 ሊትር በ6 ባር። ከ5 ሜትር በላይ አትሳብ። ቫክዩም 0.6። ጂግለር 115።» ማንም ወደፊት ቢይዘው በ8/8 ተታልሎ ሆዙን አይወቅስም።

የግራው መውጫ ሲዘጋ አሁንም ይንጠባጠባል። መቀመጫው መላጥ አለበት፣ የቶርኖ ቤቱ ቀጠሮ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ የጋሪውን ነገር እያየሁ ነው፤ የባጃጅ ጎማ ይችለዋል የሚሉና አይችለውም የሚሉ መካኒኮች ተከራክረው አልተስማሙም። እኔ የሚችለው ይመስለኛል፤ ዘንጉ ግን ወፍራም መሆን አለበት።